ማመልከቻውን ቻትጂፒቲ ከጻፈው ፓተንቱ የማን ነው?

ጥያቄው ከኮምቦልቻ የመጣ ነው፦ «የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለኝ። ለቃሉና ለሐርቡ ገበሬ የሚሆን የማሾ መውቂያ ሠርቻለሁ። ቀድሞ የነበሩት ማሽኖች ማሾውን ይሰነጥቁታል፤ የተሰነጠቀውን ደግሞ ነጋዴ በርካሽ ነው የሚወስደው። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእህቴ ልጅ ቻትጂፒቲን ጠይቆ ‹መምቻውን ጎማ አልብሰው› የሚል ሐሳብ አመጣ። የገጠምኩት ጎማ ግን ግማሽ ቀን እንኳ ሳይሠራ ተበልቶ አለቀ፤ ብሎኑም ጭራሽ ፍሬውን መስበር ጀመረ። በኋላ በራሴ ዘዴ አስተካከልኩት፤ ጎማውን በሁለት ላሜራ መሃል ቆንጥጬ፣ ሲያልቅ ወደ ውጭ እንዲሳብ ረዥም ቀዳዳ አወጣሁለት። አሁን ልጁ የፓተንት ማመልከቻውን በዚያው በቻትጂፒቲ አጽፎ 14 ገጽ አምጥቶልኛል። ‹አብሽር አጎቴ፣ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ማሽን የለም ብሏል› ይለኛል። ጎረቤቴ ደግሞ ሐሳቡ የኮምፒውተር ስለሆነ ላንተ አይሰጡህም፣ ደቡብ አፍሪካም ፓተንቱን ለኮምፒውተሩ ነው የሰጠችው አለኝ። ማሽኑ ሲሠራ የሚያሳይ ቪዲዮ ከሦስት ወር በፊት ቲክቶክ ላይ ለቅቄያለሁ። ላስገባው ወይስ ልተወው?»

14 ገጹን አያስገቡ፤ ማሽኑን ግን አይተዉ። የእህትዎ ልጅም ጎረቤትዎም የያዙት ግማሽ እውነት ነው፤ በዚህ ጉዳይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚጎዳው ግማሹን ይዞ ስለሚሄድ ነው።

ከጎረቤትዎ ልጀምር። የሰሙት ወሬ መነሻ አለው። ስቲቨን ታለር የሚባል አሜሪካዊ «ዳቡስ» ብሎ የሰየመው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥርዓት ሁለት ነገር ፈጥሯል፣ አንድ የምግብ መያዣና አንድ ብልጭ ድርግም የሚል የአደጋ ጊዜ መብራት፣ ፈጣሪውም እኔ ሳልሆን ማሽኑ ነው እያለ በብዙ አገር አመለከተ። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 ዳቡስን ፈጣሪ ብላ መዝግባ ፓተንቱን ለታለር ሰጠችው። ነገር ግን የደቡብ አፍሪካው ቢሮ ያየው ቅጹ መሟላቱን እንጂ የፈጠራውን ይዘት መርምሮ አይደለም፤ ስለዚህ ያ ወረቀት የክርክሩ መፍትሔ ተደርጎ ሊጠቀስ አይችልም። የፈጣሪነቱ ጥያቄ በተመረመረባቸው በእነዚህ ቦታዎች ግን ታለር በመጨረሻ ተሸንፏል። አውስትራሊያ ውስጥ አንድ ዳኛ በ2021 ቢፈርዱለትም በ2022 በይግባኝ ተሻረ። የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ የይግባኝ ቦርድ በ2021 መጨረሻ፣ የአሜሪካው የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2022፣ የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2023 ፈጣሪ ሆኖ መመዝገብ የሚችለው ሰው ብቻ ነው አሉ። የጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2024 በዚሁ ጸንቶ፣ ማሽን እንዳገዘ መጥቀስ ግን አይከለከልም የሚል ጨመረበት።

እነዚህ ሁሉ ፍርዶች የእርስዎን ጉዳይ አይነኩም። ታለር የተሸነፈው በማሽን ስለታገዘ አይደለም፤ «ሰው አልፈጠረውም» ብሎ ራሱ ስለተናገረ ነው። የእርስዎ ታሪክ ደግሞ የዚያ ተቃራኒ ነው። የአሜሪካ ፓተንት ቢሮ በየካቲት 2024 ባወጣው መመሪያ በሰው ሠራሽ አስተውሎት መታገዝ ፓተንት እንደማይከለክል፣ ሰውየው ጉልህ አስተዋጽኦ ማድረጉ ግን መታየት እንዳለበት አስረዳ። በ2025 መገባደጃ ያን መመሪያ ሽሮ በሌላ ተካው፤ አዲሱ የሚለው ቀለል ያለ ነው፦ ይህ ነገር እንደ ቤተ ሙከራ ዕቃ መሣሪያ ነው፣ ጥያቄው ፈጠራውን በአእምሮው የጸነሰው ሰው ማን ነው የሚል ብቻ ነው። የእኛው የፓተንት አዋጅ ቁጥር 123/1987 የወጣው ቻትጂፒቲ የሚባል ነገር ሳይታሰብ ስለሆነ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አንድ ቃል የለውም። መብቱ የፈጣሪው ነው ብሎ ያልፋል። ፈጣሪው እርስዎ ነዎት፤ ማመልከቻው ላይ የሚሰፍረውም የእርስዎ ስም ነው።

እዚህ ላይ የእህትዎን ልጅ ጉዳይም ልጨርስ። ጥያቄ መተየብና ወረቀት ማተም ፈጣሪ አያሰኝም። መቆንጠጫውን ወይም ረዥሙን ቀዳዳ አብሮዎት ያሰበ ከሆነ ግን የጋራ ፈጣሪ ነው፣ ስሙም መግባት አለበት። የዘመድ ፍቅር ብሎ ያላሰበውን ሰው ማስገባትም፣ ያሰበውን መተውም፣ ኋላ ንግዱ ሲሞቅ የቤተሰብ ክስ ይዞ ይመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። «ጎማ አልብሰው» የሚለው ሐሳብ የእርስዎም የቻትጂፒቲም ፈጠራ አይደለም። ፍሬ እንዳይሰበር ብረትን በጎማ መተካት የቆየ ዘዴ ነው፤ የሩዝ መፈልፈያዎች በጎማ ሮለር መሥራት ከጀመሩ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፣ ጎማ የለበሰ የመውቂያ መምቻም በፓተንት መዛግብት ውስጥ የሚገኝ ነገር ነው። ቻትጂፒቲ ሐሳቡን የሰጠዎት ቀድሞ ከተጻፈ ብዙ ነገር ስለተማረ ነው። ይህን ልብ ይበሉ፦ ከእንዲህ ያለ ሥርዓት በቀላሉ የሚወጣ መልስ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ በሆነ ቦታ ተጽፏል፣ የተጻፈ ደግሞ አዲስ አይደለም። ፓተንት የሚያስገኘው መልሱ ሥራ ላይ ሲውል የተሰበረበት ቦታ ላይ እርስዎ ያደረጉት ነው። ጎማው ተበላ፣ ብሎኑ ፍሬ ሰበረ፤ እርስዎ ደግሞ ብሎኑን ከፍሬው መንገድ አውጥተው፣ ጎማው ባለቀ ቁጥር ብሎኑን አላልቶ ወደ ውጭ ስቦ እንደገና ማጥበቅ የሚቻልበትን አገጣጠም አመጡ። ገበሬው አንዱን ጎማ ጫፉ እስኪያልቅ ይጠቀምበታል። በእኔ ግምት በማሽኑ ውስጥ ሊጠበቅ የሚችለው ይህ አንድ ነገር ነው። ከበሮው፣ ወንፊቱ፣ ማራገቢያው፣ ፑሌጃና ቺንጋው የማንም ናቸው።

«በዓለም ላይ የለም ብሏል» የሚለውን ይርሱት። ቻትጂፒቲ እንዲህ ሲል የፓተንት መዛግብትን አገላብጦ ላይሆን ይችላል፤ የሚመስል መልስ እየገጣጠመ ሊሆን ይችላል። ቁጥርና ስም ጠቅሶ የሚያቀርባቸው ፓተንቶችም ሲፈተሹ አንዳንዶቹ ጨርሶ የሌሉ፣ ሌሎቹ ስለ ሌላ ዕቃ የሚያወሩ ሆነው ይገኛሉ። ጠበቆች በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን የሌሉ ፍርዶች ለዳኛ አቅርበው መቀጣታቸውን ሰምተው ይሆናል። ፓተንት ላይም ያው ነው፤ የሚፈርመው ሰው እንጂ ማሽን ስላልሆነ ለውሸቱ የሚጠየቀው ፈራሚው ነው።

ፍለጋ ግን የሰው ሠራሽ አስተውሎት በሙያችን ላይ ትልቁን ለውጥ ያመጣበት ቦታ ነው። በዓለም ዙሪያ በ2023 ብቻ ወደ 3.55 ሚሊዮን የፓተንት ማመልከቻ ገብቷል፤ ከዚህ 1.68 ሚሊዮን የሚሆነው የቻይና ቢሮ ድርሻ ነው። ድሮ መርማሪ የሚፈልገው በዋናነት በቃል ነበር። «መውቂያ» ብሎ ከፈለገ «ፍሬ መለያ» ተብሎ የተጻፈው ያመልጠዋል፣ በቻይንኛ ወይም በጃፓንኛ ያለውማ የለም ማለት ነበር። አሁን ትላልቆቹ ቢሮዎች በትርጉም ተቀራራቢነት የሚፈልጉ መሣሪያዎች አሏቸው፤ የአሜሪካው ቢሮ እንዲህ ያለውን ለመርማሪዎቹ ከ2022 ጀምሮ ሰጥቷቸዋል። የማሽን ትርጉሙም ተሻሽሏል። ውጤቱ ለአመልካች መራራ ነው፦ ሄናን ውስጥ ያለ አንድ የቻይና ወርክሾፕ ከአሥር ዓመት በፊት ያስመዘገበው የአኩሪ አተር መውቂያ ዛሬ በደቂቃዎች ይወጣል። «አገሬ ውስጥ አላየሁም» የሚለው ለፓተንት አይበቃም፤ በአዋጁ መሠረት አዲስነት የሚለካው በዓለም ላይ በየትኛውም ቦታ ለሕዝብ ከተገለጠው አንጻር ነው።

እርስዎም በነጻ መፈለግ ይችላሉ። ጉግል ፓተንትስ፣ የአውሮፓው ቢሮ ኢስፔስኔት፣ የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ፓተንትስኮፕ ክፍት ናቸው። ልጁ እዚህ ላይ ቻትጂፒቲን በደንብ ሊጠቀምበት ይችላል፤ «ለዚህ መምቻ ሌሎች አገሮች ምን ምን ቃል ይጠቀማሉ፣ በየትኛው ዓለም አቀፍ ምድብ ውስጥ ነው?» ብሎ ይጠይቀው። መውቂያዎች ያሉት «ኤ 01 ኤፍ» በሚባለው ምድብ ነው፣ በተለይም ቁጥር 12 ሥር። ከዚያ ሰነዶቹን ራሳችሁ ከፍታችሁ ሥዕሉን ተመልከቱ። ቋንቋው ባይገባችሁም መምቻው እንዴት እንደተያዘ ከሥዕሉ ይታወቃል፤ እንደ እርስዎ ያለ ብረት ሠሪ ደግሞ ከብዙ ጠበቃ የተሻለ ሥዕል ያነባል። ማንኛውንም ቁጥር ሰነዱን ሳታዩ አትመኑ።

የትኛውን መብት እንጠይቅ ለሚለው መልሴ ቁርጥ ያለ ነው፦ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት፣ ማለትም ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠው መብት። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ፓተንትን ስለሆነ ይህ እንደ ዝቅተኛ ነገር ይታያል፤ ስህተት ነው። ፓተንት 15 ዓመት ነው፣ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይራዘማል፤ ነገር ግን ፈጠራው አዲስ ከመሆኑ ሌላ ለዘርፉ ባለሙያ በቀላሉ የማይገመት መሆን አለበት። የግልጋሎት ሞዴል 5 ዓመት ሆኖ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል፣ የሚጠይቀው ግን አዲስነትንና ለኢንዱስትሪ አገልግሎት መዋል መቻልን ነው። «በቀላሉ የማይገመት» የሚለው መስፈርት የለበትም። የሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚፈትነው ደግሞ በትክክል ይህን መስፈርት ነው። ማንም የምህንድስና ተማሪ ጥያቄ ጽፎ አሥር አማራጭ በሚያገኝበት ዘመን ለባለሙያ «የማይገመት» የሚባለው ምንድን ነው? የአሜሪካው ቢሮ ራሱ በ2024 ይህን ጥያቄ ለሕዝብ አቅርቦ አስተያየት ሰብስቧል። መልሱ ወዴትም ቢያዘነብል ለአመልካች አይቀልም ባይ ነኝ። የእርስዎ ዓይነት ብልህ የአገጣጠም ማሻሻያ በዚያ በር ለማለፍ ሲታገል ሊወድቅ ይችላል፤ በሁለተኛው በር ግን ቀጥ ብሎ ይገባል። የመውቂያ ዲዛይን ደግሞ በ10 ዓመት ውስጥ መለወጡ ስለማይቀር 20 ዓመት ባያገኙ የሚጎድልብዎ ብዙ አይደለም።

ወደ 14 ገጹ ልመለስ። ጽሑፉን አላየሁትም፤ ግን ቻትጂፒቲ የጻፋቸውን ረቂቆች ስለማይ ምን ሊኖረው እንደሚችል መገመት አይከብደኝም። መጀመሪያ «ምርታማነትን የሚያሳድግ፣ ዘመናዊና ወጪ ቆጣቢ» የሚል ውዳሴ ይኖረዋል፤ ማመልከቻ ማስታወቂያ ስላልሆነ ይውጣ። ሁለተኛ፣ ያልለኩት ቁጥር ይኖራል። «ስብራትን በዚህ ያህል በመቶ ይቀንሳል» የሚል ካገኙ፣ ማን ለካው? ካልለካችሁት ይሰረዝ። ሦስተኛ፣ በማሽኑ ላይ የሌለ ዕቃ ሊኖር ይችላል፤ የእርጥበት መለኪያ ሴንሰር፣ በስልክ የሚታዘዝ ሞተር፣ የመሳሰለው። ያልሠሩትንና እንዴት እንደሚሠራ ማስረዳት የማይችሉትን ነገር እንደ ፈጠራዎ ማቅረብ አይችሉም።

ትልቁ አደጋ ግን የመብት ወሰኑ ላይ ነው፤ ማለትም መብትዎ እስከ የት እንደሚደርስ በሚወስኑት በመጨረሻዎቹ ዓረፍተ ነገሮች። ቻትጂፒቲ እዚህ ቦታ በሁለት ዓይነት ይሳሳታል። አንዳንዴ እንዲህ ይጽፋል፦ «ከበሮ፣ ወንፊትና ሞተር ያለው የተሻሻለ የማሾ መውቂያ»። ይህ ባቲ ገበያ ላይ የቆመውን ማሽን ሁሉ የሚገልጽ ስለሆነ ወዲያው ይወድቃል። ሌላ ጊዜ ደግሞ የነገሩትን ሁሉ ይደረድራል፦ «በ5 ፈረስ ጉልበት የናፍጣ ሞተር የሚሠራ፣ 16 መምቻ ያለው፣ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ የለበሰ»። ይህ የሚያምር ይመስላል፤ ነገር ግን ወልድያ ያለ ሌላ ወርክሾፕ የቤንዚን ሞተር ከገጠመ ወይም መምቻውን 14 ካደረገው ከመብትዎ ውጭ ነው። የሚበጀው እንዲህ ያለ ነው፦ «በከበሮ ላይ የተገጠሙ መምቻዎች ያሉት የጥራጥሬ መውቂያ ሆኖ፣ እያንዳንዱ መምቻ በሁለት ሰሌዳዎች መካከል የተቆነጠጠ ተለጣጭ ቁራጭ ያለው፣ ቁራጩ ማጥበቂያው የሚያልፍበት ረዥም ቀዳዳ ስላለው ጫፉ ሲያልቅ ወደ ውጭ ተስቦ እንደገና መጥበቅ የሚችል፣ ማጥበቂያውም ፍሬው ከሚመታበት ጫፍ ወደ ውስጥ የራቀ»። ሞተር የለበትም፣ የመምቻ ቁጥር የለበትም፣ «ማሾ» የሚል እንኳ የለበትም፤ ነገ ለሽምብራ ወይም ለአኩሪ አተር የሚገለብጠውም ይያዛል። የሞተሩ ጉልበትና የመምቻው ቁጥር መግለጫው ውስጥ እንደ ምሳሌ ይገባሉ። ይህን ዓረፍተ ነገር እንደ ናሙና ነው የጻፍኩት፤ ሌላ ሰው ቀድሞ ያስመዘገበውን ካያችሁ በኋላ መጥበቡ አይቀርም።

ምስጢርን በተመለከተ፣ ለቻትቦት መንገር በራሱ ለሕዝብ መግለጥ ነው ብዬ አልደመድምም። ቢሆንም ነጻ አካውንት ላይ የሚጻፈው ነገር ለሥልጠና ሊውል ይችላል፤ ይህን የሚዘጋ ማስተካከያ ቅንብሩ ውስጥ አለ፣ ልጁ ዛሬውኑ ይዝጋው። ውይይቱን በሊንክ ለማንም አያጋራ፤ በ2025 ሰዎች ያጋሯቸው የቻትጂፒቲ ውይይቶች ጉግል ፍለጋ ላይ ወጥተው ኩባንያው ያን አማራጭ ለማንሳት ተገድዷል። የአሜሪካው ቢሮም በ2024 የፓተንት ባለሙያዎችን የደንበኛ ምስጢር እንዲህ ወዳሉ መሣሪያዎች ሲያስገቡ እንዲጠነቀቁ አሳስቧል።

የእርስዎ ምስጢር የሾለከበት ቀዳዳ ግን ቻትጂፒቲ አይደለም፤ ቲክቶኩ ነው። ቪዲዮው ላይ መምቻው በቅርብ ከታየ ፈጠራው ለሕዝብ ተገልጧል። አዋጁ ለፓተንት አመልካች፣ ራሱ ከገለጠበት ቀን ጀምሮ 12 ወር ይታገሠዋል። ይህ ዕፎይታ ለግልጋሎት ሞዴልም ይሠራል ብለን ግን አንተማመንበት፤ ሦስት ወር አልፏል፣ አራተኛው ሳያልቅ ይግባ። ቪዲዮውን ማጥፋት የወጣውን አይመልስም፤ ይልቅ የተለቀቀበትን ቀን የሚያሳይ ቅጂ ያስቀምጡ፣ ተጨማሪ አይልቀቁ። ወደ ውጭ አገር የመላክ ሐሳብ ካለዎት ደግሞ አውሮፓ ውስጥ እንዲህ ያለ አጠቃላይ ዕፎይታ ስለሌለ ያ በር ምናልባት ተዘግቷል። ለማንኛውም የሚያገኙት ሰርተፊኬት ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው የሚሠራው። «የዓለም ፓተንት» እናወጣልሃለን የሚል ደላላ ከመጣ ያሰናብቱት፤ እንዲህ ያለ ነገር የለም።

ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን። ከቻትጂፒቲ ጋር የተደረገውን ውይይት እንዳለ አትሙት፤ አታጥፉት። ማሽኑ «ጎማ አልብሰው» ብሎ መቆሙን፣ ቀሪው ከእርስዎ መምጣቱን የሚያሳየው ሰነድ ይኸው ነው። የተበላውን የመጀመሪያ ጎማ ካልጣሉት ያስቀምጡ። አገጣጠሙን ያሰቡበትንና የሞከሩበትን ቀን፣ የረዳዎትን ሠራተኛ ስም ጭምር በደብተር ይጻፉና ይፈርሙበት። ከዚያ የመምቻውን ንድፍ ከሦስት አቅጣጫ በትክክል የሚነድፍ ሰው ይፈልጉ፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አጠገብዎ ነው፣ የሜካኒካል ምህንድስና መምህር ወይም ተማሪ ይህን ይሠራል። ሥዕሉን ከማሳየትዎ በፊት ግን ምስጢር እንዲጠብቅና የፈጠራ ድርሻ እንደሌለው የሚገልጽ አንድ ገጽ ያስፈርሙት። ፍለጋውን ከላይ እንዳልኩት አድርጉ። መግለጫውን በራስዎ ቋንቋ፣ ለአዲስ ብየዳ ሠራተኛ እንደሚያስረዱ አድርገው ይጻፉ፤ ማመልከቻው በአማርኛ ሊቀርብ ይችላል። ቻትጂፒቲ ፊደል እንዲያርም ቢፈቀድለት አይከፋም፣ አዲስ ነገር እንዲጨምር ግን አይፈቀድለት። የመብት ወሰኑን ብቻ ለፓተንት ወኪል ከፍለው ያስጽፉ። ነዋሪ ኢትዮጵያዊ ስለሆኑ ሌላውን ራስዎ ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስገባት ይችላሉ፤ ገንዘብ የሚያወጡበት ቦታ ይህ ሦስትና አራት ዓረፍተ ነገር ነው።

ሰርተፊኬቱ ሲመጣም ገልባጭን የሚያባርር ፖሊስ አብሮ አይመጣም። ደሴ ላይ ተመሳሳይ መምቻ ተሠርቶ ካዩ መከታተሉና መክሰሱ የእርስዎ ሥራ ነው፣ ጊዜና ገንዘብም ይበላል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የምመክረው ከመክሰስ በፊት ፈቃድ መሸጥን ነው፤ በአንድ መምቻ ይህን ያህል ብር ብሎ ለወልድያውና ለደሴው ወርክሾፕ በጽሑፍ መስጠት። ተሰልፎ ከሚጠብቅ ገበሬ አንጻር ሁሉንም ማሽን ብቻዎን ሊሠሩ አይችሉም።

የእህትዎ ልጅ የማሾ በሽታ በፎቶ የሚለይ የስልክ መተግበሪያ እየሠራሁ ነው፣ እሱንም ፓተንት እናውጣለት የሚል ሐሳብ ካለው፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም በአዋጁ ከፓተንት ውጭ ከተደረጉት አንዱ ነው። ጥበቃው የሚገኘው በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ስለሆነ ከመውቂያው ወረቀት ጋር አይደባልቀው።